ፊቷ ወደ ግድግዳ የዞረ ጠርሙስ

የትምህርት ቤታችን ላብራቶሪ ዘበኛ ዕድሜያቸው ስድሳን ይጠጋል። በዚህ በአሶሳ ሙቀት የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ ጉሮሯቸው ይቆልፋሉ፤ ጫማቸው ሰልፍ እንደሚወጣ ወታደር ጫማ ያብረቀርቃል። ጠዋት በሩን ሲከፍቱ በመደርደሪያው ላይ የሞቱ ነፍሳት ከተዘፈዘፉባቸው ጠርሙሶች አንዷን ብቻ መርጠው፣ «መቶ እግር» የሚለውን ጽሑፏን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። እኔ እመልሳለሁ። እሳቸው ያዞራሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ!

ዛሬ ተማሪዎቼ ፊት ሲያዞሩ ደረስኩና ትዕግሥቴ አለቀ።

«አባባ፣ ይቺ ጠርሙስ ምን አደረገችዎት?»

«ውሸት ተለጥፎባታላ!» ብለው ጮኹ። «የመቶ እግር እግር ደረቅ ነው፣ መገጣጠሚያ አለው። የዚህ እግሩ የታለ? በሰውነቱ በየቀለበቱ ግራና ቀኝ መቅዘፊያ የመሰለ ለስላሳ ሥጋ ነው ያለው፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ነጭ ፀጉር። የባሕር ትል ነው! ፀጉሩ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ይሰበራል፣ እንደ እሳት ይለበልባል።»

ማጉያ መነጽሬን አንስቼ አየሁ። ያሉት ሁሉ አለ። የስንቱን ተማሪ ፈተና በስህተት አርሜያለሁ!

«ባሕር በሌለበት አገር ይህን የት አወቁት?»

ቀኝ መዳፋቸውን ዘርግተው አዩት። «ባሕር እያለን። ምጽዋ፣ የመርከብ ገመድ ስስብ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?» ብዬ እኔው ተቆጣሁ።

«በመጣህ በሳምንትህ ነግሬሃለሁ» አሉ። «‹እርስዎ በርዎን ይጠብቁ› አልከኝ።»

ይህን ብለው ወደ በራቸው ሄዱ።