የአሳማዎቹ ጣሪያ

ሮቲያ የዋርሳዋን የአሳማ በረት ጣሪያ ሰረቀች ይባላል። እንዲያውም ቆርቆሮውን ተሸክማ ስትሮጥ አሳማዎቹ እየጮኹ ተከተሏት የሚሉም አሉ። ውሸት ነው። በጠራራ ፀሐይ መዶሻ ይዞ ወጥቶ የነቀለው ዋርሳዋ ኢዮቴባ ራሱ ነው፤ እሷ ታች ቆማ "ሚስማሩን እንዳታጣምመው" ትለው ነበር።

ሮቲያ ሟች ባሏ በመርከብ ሠርቶ ያመጣላት ትልቅ የውሃ ታንከር አላት። ቤቷ ግን የቅጠል ክዳን ነው፤ ዝናብ የሚቀበልላት የኩሽናዋ ብጣሽ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ድሮ ጉድጓዷ ጣፋጭ ስለነበር ግድ አልነበራትም። ኋላ የባሕር ማዕበል ገብቶ የእሷንም የመንደሩንም ጉድጓድ ጨው አደረገው። ዝናቡም እንደ ሰካራም እንግዳ ሆነ፤ ሲጠብቁት ይቀርና ባልታሰበ ቀን መጥቶ ሁሉን ዘርግፎ ይሄዳል። መንደሩ ታዲያ ጀሪካኑን ይዞ ወደ ሮቲያ። በኪሪባቲ ዘመድ "ቡቡቲ" ብሎ ከለመነ እንቢ ማለት ነውር ነው፤ በዚያ ደሴት ደግሞ ዘመድ ያልሆነው ዓሣው ብቻ ነው። እየሳቀች ቀዳችላቸው፣ ታንከሩ ሲመቱት እንደ ከበሮ እስኪጮህ ድረስ።

አንድ ቀን ከምሥራቅ ጥቁር ደመና ብቅ ሲል ሮቲያ ከኢዮቴባ ደጅ ደረሰች።

"ይሄ ደመና እንዲሁ ካለፈን መንደሩ ጨው መጠጣቱ ነው። ቡቡቲ፣ የአሳማዎችህን ጣሪያ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ አሳማዎቼ ምን በደሉሽ?"

"ከእኔ የተሻለ ቤት አላቸው።"

"ዝናብ ሊመታቸው እኮ ነው።"

"ገላቸውን ከታጠቡ ስንት ጊዜያቸው?"

ኢዮቴባ ዙሪያውን ቃኘ። ጎረቤቱ ሁሉ ጆሮውን ጥሏል። እንቢ ቢል እስከ ልጅ ልጁ ይወራበታል። መዶሻውን አመጣ።

ቆርቆሮውን ከሮቲያ ኩሽና ጎን ገጥመው አሸንዳውን አስረው ሳይጨርሱ ዝናቡ ወረደ። ውሃው እየዘለለ ታንከሩ ውስጥ ሲገባ ሮቲያ በስልሳ ዓመቷ እጆቿን እንደ ወፍ ክንፍ ዘርግታ ጨፈረች። ሴቶቹም ከነባልዲያቸው ተከተሏት። አሳማዎቹ ጭቃ ውስጥ ሲንከባለሉ ያየ፣ ጣሪያ የተባለ ነገር ከመጀመሪያውም ጠልተውት ነበር ይላል። ታንከሩ ሞልቶ ፈሰሰ።

ከወረፋው ፊት ማን ቢገኝ ጥሩ ነው? ኢዮቴባ፣ በሁለት ባልዲ።

"እንቢ ብልሽ ኖሮስ?" አላት፣ እየቀዳችለት።

"አንተማ ሰው ምን ይለኛል ትላለህ። ለምኜው እንቢ ያለኝ ባሕሩ ብቻ ነው። ጉድጓዴን ተውልኝ አልኩት፤ ገብቶ ተቀመጠበት። እስቲ እሱን ማን ያሳፍርልኝ?"