አልዞር ያለው ጉልላት

የእህቴ ባል ሠላሳ አንድ ዓመት ሊፍት ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ እንደ ሰው አርፎ መቀመጥ አቃተው። ጋሼ ነው የምለው። ጣሪያው ላይ ወጣና ኮከብ የሚያይበት ክፍል ሠራ። ሁለት ሰው ሲገባበት ትከሻ ለትከሻ የሚያጋጭ ክብ ክፍል፣ ከላዩ በሞተር የሚዞር የቆርቆሮ ጉልላት፣ ጉልላቱ ላይ ደግሞ ቴሌስኮፑ ወደ ሰማይ የሚያይበት አንድ መስኮት። መስኮቱ ወደሚፈለገው ኮከብ እንዲገጥም ጉልላቱ መዞር አለበት። ጎረቤቱ ሁሉ "ድስቱ" ይለዋል። ጋሼ ይህን ሲሰማ ይከፋዋል፤ እኔ ግን እውነቱን ልናገርና፣ ድስት ነው የሚመስለው።

እህቴ፣ እትዬ፣ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ወደዚያ ወጥታ አታውቅም። ምክንያቷን ሁላችንም የምናውቅ ይመስለን ነበር፤ የተዘጋ ክፍል ትፈራለች። የሊፍት ጠጋኝ ሚስት ሆና በዕድሜዋ ሊፍት ውስጥ ገብታ አታውቅም። እንዲያውም የተዋወቁት በዚሁ ነው። እሷ አንድ መሥሪያ ቤት አምስተኛ ፎቅ ላይ ጸሐፊ ሳለች የሕንፃው ሊፍት ተበላሸ። ሠራተኛው ሁሉ ጋሼን ከቦ ሲጮህበት፣ እሷ ብቻ "እኔን አይመለከተኝም" ብላ ደረጃውን ተያያዘችው። ጋሼ መፍቻውን እንደያዘ እስከ አምስተኛ ፎቅ ተከተላት። ሊፍቱ የዚያን ቀን ሳይሠራ ዋለ።

ነገሩን ያመጣችው ልጃቸው ናት። ከሁለት ሕፃናት ጋር ወደ ቤት ልትመለስ ሆነ፤ ቤቱ ደግሞ ጠባብ ነው። "ድስቱ ይፍረስና ጣሪያው ላይ ክፍል ይሠራ" ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ጋሼ ሁለት ቀን ምግብ አልበላለት አለ። በሦስተኛው ቀን እትዬ፣ "ሳላየው አላፈርስም። ዛሬ ማታ ወጥቼ አየዋለሁ፤ ከዚያ እወስናለሁ" አለች። እዚህ ቤት እትዬ ከወሰነች ይግባኝ የለም።

የዚያን ቀን ጋሼ ጢሙን ሁለቴ ተላጨ። ሊያሳያት ያሰበው ሳተርንን ነው፤ ባለ ቀለበቷን ፕላኔት። ሳተርን ግን የምትታየው እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያ ከጎረቤት ፎቅ ጀርባ ትገባለች። ልክ እንደጨለመ እትዬ ጉልበቷን እያሸች ሃያ ሦስቱን ደረጃ ወጣች፤ በየደረጃው "ሁለተኛ አልወጣም" እያለች። ከበሩ ገባ ብላ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እኔ ባትሪ ያዥ ሆንኩ። ጋሼ እንዳይጨንቃት ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ጡብ አስደገፈበት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ቁልፉን ተጫነ።

ጉልላቱ ንቅንቅ አላለም።

ደግሞ ተጫነ። ምንም የለም። መስኮቱ የጎረቤት የውኃ ታንከር ላይ እንደተገተረ ቀረ።

"ታንከሩን ነው እንዴ የምታሳየኝ?" አለች እትዬ።

"ትንሽ ታገሺኝ፣ የኔ እመቤት።"

ፊውዙን አወጣ፤ ደህና ነው። በቴስተር ለካ፤ ኤሌክትሪክ አለ። ሞተሩ ላይ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠ፤ ዝም ነው። ሞተር ድምፅ ካላሰማ ጥፋቱ ጉልላቱ ከሚንከባለልበት ጎማ እንዳልሆነ እኔ እንኳ ይገባኛል፤ እሱ ግን ተንበርክኮ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ግራሶ ይቀባ ጀመር። ሸሚዙ፣ ያ ለእትዬ ብሎ ያስተኮሰው ነጭ ሸሚዝ፣ ክንዱ ድረስ ጠቆረ።

"በእጄ ልግፋው?" አልኩት።

"እንዳትነኪው! የሞተሩ ጥርስ ይሰበራል!"

ሰዓቱ አንድ ተኩል ሆነ። የመቆጣጠሪያውን ሳጥን በካቻቢቴ ሲከፍት ብሎኑ ሦስት ጊዜ ከእጁ ወደቀ። ሲያሾፉበት የሚውሉት ሰው ወለሉ ላይ ብሎን ሲያስስ ማየት ደስ አይልም። ድስቱ ይፍረስ ማለቴ የዚያን ጊዜ ቆጨኝ።

"አንተ ሰውዬ" አለች እትዬ፣ "ሊፍት ቆመ ብለው ሲጠሩህ መጀመሪያ የምትጠይቃቸው ምንድን ነው?"

"አሁን እሱን ምን አመጣው?"

"መልስልኝ እስቲ።"

"በሩ ገጥሟል ወይ ብዬ ነዋ..." አለና ጡብ ወደተደገፈበት በር ዞረ።

ሞተሩም ሳጥኑም ከተጣለ አሮጌ ሊፍት የመጡ ናቸው። ጋሼ ታዲያ የበሩን ስዊች ሳይቀር አምጥቶ ገጥሞታል፤ በሩ ካልተዘጋ ሞተሩ ኤሌክትሪክ አያገኝም። እዚህ እንደ ሊፍት ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ የለም፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ልማድ ሆኖበት እንጂ። የመንገዱ መብራት እንዳይገባበት ሁልጊዜ በሩን ዘግቶ ብቻውን ስለሚቀመጥ ስዊቹ ትዝም ብሎት አያውቅም። ይህ እንግዲህ በየእራቱ "ከአሥር ጥሪ ሰባቱ በር ያልዘጋ ሰው ነው!" እያለ በደንበኞቹ ሲስቅ የኖረ ሰው ነው። ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስኩ።

ወዲያው ግን ሳቄ ጠፋ። በሩን መዝጋት ማለት እትዬን ውስጥ መዝጋት ነው።

ጋሼ ከኪሱ ቁራጭ ሽቦ አወጣ። "ስዊቹን በዚህ አገናኘዋለሁ፤ በሩ ክፍት ይሁን" አለ። በሥራ ዘመኑ የበር ስዊች በሽቦ የሚያገናኝ ጠጋኝ ካየ ሰላምታ ይነሳው ነበር።

እትዬ ሽቦውን አየች፤ የጠቆረ ሸሚዙንም አየች።

"አስቀምጠው" አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "ጡቡን አንሺ።"

"እትዬ፣ ኧረ እንዳትጨነቂ..."

"አንሺው አልኩሽ እኮ!"

በሩን የሳበችው ራሷ ናት። ቀጭ አለ። ጋሼ ቁልፉን ሲጫን ጉልላቱ አጓርቶ መዞር ጀመረ። እትዬ ክንዴን በጥፍሯ ጨምድዳ፣ ዓይኗን ጨፍና አንድ ነገር ታነበንባለች፤ ጸሎት ይሁን ስድብ አልለየሁትም። ታንከሩ አለፈ፣ ፎቁ መጣ፣ ከፎቁ ጫፍ በላይ ሰማይ ታየ። ጋሼ ቴሌስኮፑን አስተካክሎ እጇን ይዞ አስነሳት።

ዓይኗን አስጠግታ ብዙ ቆየች።

"መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ሥዕል አይደለም አይደል?"

"አይደለም። እሷው ናት።"

"ይህን ነው አራት ዓመት ብቻህን ስታይ የከረምከው?"

"በሩ ስለሚዘጋ ትፈሪያለሽ ብዬ ነው።"

"አንድ ቀን 'ነይ' ብለኸኝ ታውቃለህ?"

ብሏት አያውቅም። ምስክሯ እኔ ነኝ።

"አላውቅም" አለ ጋሼ ቀስ ብሎ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። "አጥፍቻለሁ።" ይህችን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

እትዬ ዓይኗን ሳታነሳ ፍርዷን ሰጠች። "ልጅቷ የስፌት ክፍሌን ትያዝ። ማሽኔ ወደዚህ ይመጣል። ቀን ቀን ባዶ አይደል?"

ጋሼ የቴሌስኮፑን መስታወት አቧራ እንዳይነካው ብሎ ስንት ጊዜ መጥረጊያ እንደያዝኩ ከደረጃው መልሶኛል! የጨርቅ ብናኝና የክር ቁርጥራጭ መስታወቱ ላይ ሲያርፍ እኔም ታየኝ፤ እሱማ ምን ይጠየቃል።

"ሲመሽ በስንት ሰዓት ትለቂልኛለሽ?" አላት።

"አልለቅልህም" አለችው። "ወንበር ጨምር።"