ዚፕ የሌለው ቦርሳ

የስደት መንገዴ አሥራ አምስት ደቂቃ ነበር። ሳቁ እንጂ፣ እኔም ስቄበታለሁ። ከገርጂ ወርክሾፔ ተነስቼ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እስክደርስ የትራፊክ መብራት እንኳን አላስቆመኝም። ሌላው ሲሰደድ በረሃ ያቋርጣል፣ ባሕር ይሻገራል፤ እኔ የተሻገርኩት የቀለበት መንገዱን ነው። ከዚያ ሁለት ሰዓት በአየር፣ ከዚያ ናይሮቢ። ቢሆንም ስደት ነው። ቤቱንና ሙያውን ጥሎ የወጣ ሰው ስደተኛ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

የወጣሁበት ምሽት ጋሽ ሐጎስ ሻንጣዬን ይዘው እስከ በሩ ሸኙኝ። ጋሽ ሐጎስ የወርክሾፔ ዋና ሰፊ ናቸው። አባታቸው ትግራይ ውስጥ የበቅሎ ኮርቻ ይሰፉ ነበር፤ እሳቸውም ፊደል ሳይቆጥሩ ነው መርፌ የያዙት። እኔ የስልጤ ልጅ ነኝ፣ ስሜም ዘይነባ ነው፤ እሳቸው ግን በሀገራቸው ቋንቋ «ጓለይ»፣ ልጄ፣ ነው የሚሉኝ።

«ማሽኖቹን ምን ላድርጋቸው?» አሉኝ።

«እንዳይሸጧቸው። ዓመት ሳይሞላኝ እመለሳለሁ።»

«በየቅዳሜው ዘይት እየቀባሁ አስነሳቸዋለሁ። ማሽን ዝም ካለ ይሞታል።»

ሌላም ነገር ሊሉኝ አፋቸውን ሲከፍቱ አውሮፕላን በላያችን መጣ። የገርጂ ሰው አውሮፕላን ሲያልፍ ወሬውን ከመሐል ቆርጦ ይጠብቃል፣ ካለፈ በኋላ ካቆመበት ይቀጥላል። እሳቸው ያን ዕለት አልቀጠሉም። ስድስቱ ማሽኖች በእሳቸው እጅ ቀሩ።

ለምን ወጣሽ ለምትሉኝ፣ በዚፕ ምክንያት ነው የወጣሁት። ቦርሳ እንሠራ ነበር። ቆዳው ከሞጆ ይመጣል፣ እጁ የእኛ ነው፣ ዚፑ ግን ከውጭ ነው የሚገባው፤ ለዚፑ ደግሞ ዶላር ያስፈልጋል። ባንክ ተመዝግቤ ወረፋ ያዝኩ። ክረምት ገባ፣ ክረምት ወጣ፣ ሌላ ክረምት ገባ። አንድ ቀን ሄጄ መስኮቱ ላይ ያለውን ወጣት ስንተኛ ነኝ አልኩት።

«ወረፋ ላይ ነዎት።»

«ከማን ቀጥሎ?»

«ቅድሚያ የሚሰጣቸው አሉ። መድኃኒት፣ ነዳጅ፣ ማዳበሪያ።»

«ይገባቸዋል። ከማዳበሪያ ቀጥሎስ?»

«ላኪዎች ናቸው። እርስዎም ምርትዎን ወደ ውጭ ይላኩና ዶላር ያግኙ። መንግሥት የሚያበረታታው ላኪን ነው።»

«የምልከው ቦርሳ እኮ ዚፕ ይፈልጋል። ዚፑ ዶላር ይፈልጋል።»

ልጁ ጥቂት አሰበና፣ «ታዲያ ዚፕ የሌለው ቦርሳ ለምን አይልኩም?» አለኝ።

ወላሂ፣ እያላገጠብኝ አልነበረም። ሊረዳኝ ፈልጎ ነው። በንዴት እየተንጨረጨርኩ ተመልሼ ለጋሽ ሐጎስ ስነግራቸው አልሳቁም። የቆዳ ጠፍር አንስተው ሦስት ጊዜ ጠመዘዙና እንደ ለውዝ ፍሬ ያለች ድፍን ቋጠሮ ሠሩ፤ በሌላው በኩል ማቀፊያ ቀለበት አወጡላት። በአንድ እጅ ትከፈታለች፣ በአንድ እጅ ትዘጋለች። «አባቴ የኮርቻውን ኪስ የሚዘጉት በዚህች ነበር» አሉኝ።

ሠርተን ወደ ቦሌና ኦሎምፒያ ሱቆች ይዘን ሄድን። ባለሱቆቹ ገልበጥበጥ አድርገው አዩት።

«ዚፑስ?»

«በቋጠሮ ነው የሚዘጋው።»

«እ… የሀገር ውስጥ ነው አይደል?»

ይህቺን ቃል የሚሏት ሐኪም በሽታ ሲናገር እንደሚለው ነው፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ቦርሳው ተመለሰ። ሠራተኞቼ አንድ በአንድ ሄዱ፤ አልፈርድባቸውም፣ ልጅ ያሳድጋሉ። በመጨረሻ እኔና ጋሽ ሐጎስ ብቻ ስድስት ማሽን ይዘን ተፋጠን ቀረን።

ዕድገት የለም አልልም። እዋሻለሁ እንዴ! ከወርክሾፔ መስኮት ላይ ሆኜ ፎቆቹ ሲወጡ አይቻለሁ። መስታወታቸው ከውጭ፣ ሊፍታቸው ከውጭ፣ የበር እጀታቸው ሳይቀር ከውጭ ነው። ለበር እጀታ የተገኘ ዶላር ለእኔ ዚፕ ሲጠፋ ነው ያንገበገበኝ። ያን ጊዜ ነው ቲኬት የቆረጥኩት።

ናይሮቢ ክፍል ያከራየችኝ ማማ ዋንጂሩ የምትባል ዜና የማያመልጣት ሴት ናት። ገና ዕቃዬን ሳልፈታ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ሀገራችሁ በፍጥነት እያደገ ነው ይላል ቴሌቪዥኑ። ታዲያ አንቺ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እያደገማ ነው። ቦታ ጠበበውና እኔ ወጣሁለት።»

ሳቀች፤ ኪራዩን ግን አልቀነሰችም።

የሀገሩን ነገር ልንገራችሁ። ኡጋሊ የሚሉት ምግብ አላቸው። ገንፎ ነው ብዬ በደስታ ቀረብኩ። መሐሉ ጉድጓድ የለው፣ ቅቤ የለው፣ በርበሬ የለው! ሐምሌያቸው ዝናብ የለውም፣ ግን ይበርዳል፤ ዝናብ የሌለው ሐምሌ ምን ሐምሌ ነው? ጎረቤቴ ደጅ ተቀምጣ ስትበላ በአጠገቧ ባልፍ «እንብላ» ሳትለኝ ቀረች። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳት። በስምንተኛው ቀን ጨው ልትበደር ስትመጣ ነው መኮረፌን ጭራሽ እንዳላወቀች የገባኝ። በከንቱ ደከምኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት የዚፕ ሱቅ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ ዚፕ! ቀዩ፣ ቢጫው፣ የብረቱ፣ የፕላስቲኩ። ማንም ወረፋ አልያዘም። ሻጩ «ስንት ልስጥሽ?» ሲለኝ እንባዬ መጣ። ሰውዬው ዋጋ የተወደደብኝ መስሎት ቀነሰልኝ። ቆዳውም እዚያው ገበያ ተገኘ፣ ያውም የሞጆ ቆዳ። ገርጂ ሆኜ «ለውጭ ገበያ ነው» እየተባልኩ የተከለከልኩትን አንደኛ ደረጃ ቆዳ ናይሮቢ ላይ እንደ ልቤ ገዛሁት።

በጓጓሁለት ዚፕ የሠራሁት ቦርሳ ግን አልተሸጠም። የሰው ሁሉ ቦርሳ ይመስል ነበር። አንድ ቀን ማማ ዋንጂሩ ከትከሻዬ ላይ የራሴን ቦርሳ ነጥቃ ቋጠሮዋን ትከፍት፣ ትዘጋ ጀመር።

«ይቺን ነው መሸጥ» አለችኝ።

«ይቺማ ዚፕ ጠፍቶ የተሠራች ናት።»

«ማን ጠየቀሽ?»

እውነቷን ነው፣ ማንም አልጠየቀኝም። ዚፕ መግዛት አቆምኩ። በቋጠሮ የሚዘጋው ቦርሳ ሙጫው ሳይደርቅ የሚሸጥ ሆነ። ሁለት ሴቶች ቀጠርኩና ቋጠሮውን አስተማርኳቸው፤ እነሱም ያለ ዚፕ መኖር ለመዱ። ፈቃድ ላወጣ ስሄድ ደግሞ አንድ ሹም ከእነ ብዕሩ ቀና ብሎ አየኝ።

«ቆዳው ከየት ነው?»

«ከኢትዮጵያ።»

«አሠራሩስ?»

«ከኢትዮጵያ።»

«ሠሪዋስ?»

«ከኢትዮጵያ።»

«የተሠራውስ የት ነው?»

«እዚህ።»

«እንግዲያውስ የኬንያ ምርት ነው» ብሎ ማኅተሙን መታው። በገዛ ሀገሬ ሁለት ክረምት ጠብቄ ዶላር ሳላገኝ፣ እሱ ፈቃዱን በአንድ ጧት ስለሰጠኝ ልጣላው አልቻልኩም። ወጥቼ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጬ ማኅተሙን ደጋግሜ አነበብኩት።

ዓመት ያልኩት ሦስት ሆነ። የወርክሾፑን ኪራይ ከዚህ እየላክሁ፣ ጋሽ ሐጎስ በየቅዳሜው ማሽኖቹን ባዶ እያስነሱ። በዚህ መሐል ሀገር ቤት የምንዛሪው ሕግ ተለወጠ፤ ዶላር በገበያ ዋጋ ሆነ፣ ወረፋው አጠረ ተባለ። ዋጋው ግን እኛን ጥሎ ወደ ላይ ሄደ። በዚያው ሰሞን አንዲት የሸገር ነጋዴ መጥታ ሻንጣ ሙሉ ቦርሳ ከእኔ ገዛች። የት ልትሸጪው ነው ስላት፣ የነጋዴ ነገር፣ «ለዘመድ ነው» አለችኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ ሐጎስ ደወሉ።

«ጓለይ፣ ኦሎምፒያ፣ ያ የመለሰን ሱቅ ላይ ምን አየሁ መሰለሽ? መስታወት ውስጥ፣ መብራት በርቶለት፣ የእኛ ቦርሳ!»

«ገቡ?»

«ገባሁ እንጂ። ብነካው ሻጯ ልጅ ‹አባባ፣ ይጠንቀቁ፣ የውጭ ነው› አለችኝ። የየት ብላት፣ ‹ጣልያን›።»

«ምን አሏት ታዲያ?»

«ምንም። በአንድ እጄ ከፈትኩት፣ በአንድ እጄ ዘጋሁት። ልጅቷ እሷ ስትሞክር ጥፍሯ ነው የተሰበረው። ‹የት ለመዱት?› አለችኝ። ‹ከአባቴ› አልኳት። ‹አባትዎ ጣልያን ነበሩ?› ብላኝ እርፍ!»

እሳቸው ሳቁ። እኔ ንዴት ይሁን ኩራት እንጃ፣ አንገቴ ድረስ ሞቀኝ። ያ ሱቅ በር ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የመለሰን ሱቅ ነው። ያው ቋጠሮ፣ ያው የሞጆ ቆዳ! ቦርሳው እንዲከበር አውሮፕላን መሳፈር ነበረበት? አልቀበልም። ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልም።

ጋሽ ሐጎስ ሳቃቸውን ሲጨርሱ ድምፃቸው ተለወጠ። «የቤቱ ባለቤት ኪራይ ብንከፍልም እስከ ወሩ መጨረሻ ወይ ሥራ ጀምሩ ወይ ልቀቁ ብሏል። ማሽኖቹን የሚገዛ ሰውም አምጥቷል። ምን ልበለው?»

«አይሸጡም ይበሉት። የተቆረጠ ቆዳ ሰኞ ከዚህ እልካለሁ፣ እርስዎ እዚያ ይስፉት። ቋጠሮው ገርጂ ላይ ይታሰር። ውስጡ ላይ ‹ገርጂ፣ አዲስ አበባ› ብለው በትልቁ ይምቱበት።»

«የሀገር ውስጥ ሲባል ማን ይገዛል፣ ጓለይ?»

«ያቺን ሻጭ ይቅጠሯት። ጣልያን ብላ መሸጥ የቻለች ልጅ ገርጂ ብላ መሸጥ አያቅታትም።»

እንደገና ሳቁ። እያወሩኝ ማሽኖቹን በየተራ ባዶ ሲያሽከረክሩ ይሰማኛል፤ ስድስቱንም በድምፃቸው እለያቸዋለሁ።

«አንቺ የምታስቢው ስለ ማሽኑ ነው፤ ሸሪክሽ ግን እኔ ነኝ» አሉኝ ድንገት። «ዓይኔ ደክሟል። ቋጠሮውን የማስተምረው ሰው የለኝም። አንቺ ራስሽ መቼ…»

አውሮፕላን መጣ። በስልኩ ውስጥ ድምፁ ሌላውን ሁሉ ዋጠው። እንደ ድሮው ሁለታችንም ዝም ብለን ጠበቅን፤ እሳቸው ገርጂ ሆነው፣ እኔ ናይሮቢ ሆኜ። ቦሌ ሊያርፍ ይሁን ተነስቶ ሊሄድ ከድምፁ መለየት አቃተኝ፤ ድሮ እለየው ነበር።

አለፈ።

«…መቼ ነው የምትመጪው?» አሉ፣ ካቆሙበት።