ወደ መስኮቱ የሄደው አረንጓዴ

ቪከሪ ሜዶ በሚባለው ሰፈር ባለው አፓርትመንታችን ደህና ፀሐይ የሚገባው በሳሎኑ መስኮት ብቻ ነው። የልጅ ልጄ አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ሰሃን ይዛ መጣችና እዚያው መስኮት ሥር አስቀመጠቻት። ውስጧ እንደ ጄሎ የረጋ ነገር አለ፤ መሃሉ ላይ ምስር የምታህል አረንጓዴ ነጥብ።

«ባክቴሪያ ነው አያቴ። ወደ ብርሃን ይሄዳል። ሰኞ ክላስ ውስጥ ፕሬዘንት አደርገዋለሁ፤ እንዳትነኪው፣ ኦኬ?»

«ዓይን ሳይኖረው በምን አይቶ ነው የሚሄደው?»

«አንዷ ባክቴሪያ ራሷ እንደ መነጽር ናት። ብርሃኑ በሰውነቷ አልፎ ባንድ ጎኗ ይሰበሰባል፤ ሶ፣ ከየት እንደመጣ ታውቃለች።»

እኔም አልነካሁትም። ግን በማግስቱ ጠዋት የላይኛዋ ጎረቤታችን ድስት ልትመልስ መጥታ፣ ጎንበስ ብላ አየችውና «ውይ፣ ሲያምር!» ብላ ሄደች። የሚያድግ ነገር ሰው ዓይን ውስጥ ሲገባ አልወድም። አገር ቤት የጠላ ጥንስስ ስጥል እንኳ ለማንም አላሳይም ነበር። ነጠላዬን አጥፌ ጣል አደረግሁበት።

ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ገለጠችው። ነጥቧ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም።

«አያቴ! ለምን?»

«ዓይን እንዳይበላው ነዋ።»

«ብርሃን እኮ ነው ምግቡ! በቃ ሞተ። ሰኞ ምን ላሳይ ነው?» አለቀሰች።

እናቷም ከኤርፖርት ሥራዋ ገብታ «እማዬ፣ ሌላ የላትም እኮ» አለችኝ።

«ሌላ ምን ያደርጋል? የሞተ ነገር መልኩ ይጠፋል። ይኼ እንደ ጎመን ለምልሟል፤ አልሞተም» አልኩ። ደግሞም እርግጠኛ ነበርኩ።

ልጅቷ አፍንጫዋን እየሳበች በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ከዚያ በኋላ፣ ቀን የመስኮቱ ብርሃን፣ ሲመሽ ደግሞ በዚያው በመስኮቱ በኩል ያቆምናት መብራት እንዲያገኘው አደረግን። ቅዳሜ ነጥቧ ባንድ ወገን ያበጠች መሰለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ልጅቷ ጫማዋን ሳታወልቅ ሮጠች።

«አያቴ ነይ! ጣት አወጣ!»

እውነትም ከነጥቧ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የቀጠኑ አረንጓዴ ጣቶች ወጥተው ሁሉም ወደ መስኮቱ ተዘርግተዋል። በሌላው ጎን አንድም የለ።

ሰኞ ጠዋት በር ላይ ቆመችና «የሸፈንሽውን ልናገር ወይስ ልተወው?» አለችኝ።

«ምን ያሳፍራል? ሲሸፈን ቆመ፣ ሲገለጥ ሄደ። ፎቶውንም ሰሃኗንም፣ ሁለቱንም አሳዪያቸው።»

ሳቀች። ሰሃኗን እንዳታዘነብል በሁለት እጇ ይዛለችና በሩን እኔ ከፈትኩላት።