«አሯል» የተባለው ውስኪዬ

ያለፈው እሁድ ከቡራዩ ሱሉልታ ድረስ አንድ ጠርሙስ ውስኪ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ ሄድኩ...

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌንሴን ስጡኝ ብዬ የላክኋቸው ሽማግሌዎች ሁለቴ ቀጠሮ ተሰጥቷቸው ተመልሰዋል። በመጨረሻ አባቷ ኦቦ ታደሰ መጀመሪያ ልጁን ራሱን ልየው አሉ። ባዶ እጅ ደግሞ አይኬድም።

ሥራዬ ሹፌርነት ነው። ውስኪውን የሰጠኝ ለሳምንት ይዤው የዞርኩት የስኮትላንድ እንግዳ ነው። ውስኪው የሚወጣው አያቱ በሠራበት፣ ነፋስ በማይለየው ደሴት ላይ ባለ የድሮ መጥመቂያ ቤት ነው። የሚያወጡበት የመዳብ ማሰሮ ሲያረጅ፣ አዲሱን ከነስርጉደቱ አስመስለው ያሠሩታል አሉ፤ ጣዕሙ እንዳይለወጥ። መንገዱን ሁሉ ይህን ሲያወራልኝ በግማሽ ጆሮ ነበር የምሰማው። ቀምሼውም አላውቅም፤ የካርቶኑ ማማር በቃኝ።

ከምሳ በኋላ ኦቦ ታደሰ ከፈቱት። ትንሽ ቀመሱና ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ይሄ አሯል» አሉ።

እኔም ቀመስኩ... እውነትም ጭስ ጭስ ይላል።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የሌንሴ እናት አዴ ብርቄ ልጆቻቸውን ያሳደጉት አረቄ እያወጡ ነው። ድፍድፉ ከሥር ካረረ አረቄው ጭስ ጭስ ይሸታል፤ እንዲህ ያለውን ለሰው ማቅረብ ስድብ ነው። እኔ ደግሞ ይዤ የመጣሁት ባለሙያዋ ቤት! ሌንሴ አቀረቀረች። ሽማግሌዎቼ ሦስተኛ ቀጠሮ እንኳ እንደማያገኙ ታየኝና ላብ አጠመቀኝ።

አዴ ብርቄ ብርጭቆውን አነሱ። መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው አሹት፣ አሸተቱት... ደገሙት።

«አላረረም። ብቅሉ ነው ጭስ የጠጣው። ጭሱ ደግሞ የእንጨት አይደለም፤ የሠሩት ሰዎች እንጨት የላቸውም እንዴ?»

የእንግዳዬ ወሬ ያኔ ትዝ አለኝ። ደሴቱ ላይ ዛፍ ብዙም እንደሌለ፣ የረግረጉን አፈር እንደ ጡብ ቆርጠው አድርቀው እንደሚያነዱት፣ ብቅሉንም በዚያው ጭስ እንደሚያደርቁት ነገርኳቸው። የማሰሮውንም ጨመርኩላቸው።

ከዚያ አዴ ብርቄም ክረምት ፀሐይ ስትጠፋ ብቅሉን ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ አስጥተው በኩበት ጭስ ያደርቁ እንደነበር አወጉን። ደንበኛ እንዳይሸሽ ብለው ለማንም ተንፍሰው አያውቁም። ስንት ዘመን የደበቁትን ለእኔ ሲሉ እንዳወጡት ሲገባኝ እንባዬ ቀረበ።

ወደ ባላቸው ዞሩ።

«አንተስ፣ እኔን ልታይ እናቴ ቤት ስትመላለስ የክረምቱን አረቄዬን ስትደጋግም፣ አሯል ብለህ ታውቃለህ?»

ኦቦ ታደሰ መጀመሪያ ኮስተር ሊሉ ሞከሩ... አልሆነላቸውም። ሳቃቸው መጣ። ብርጭቆውን ከሚስታቸው እጅ ተቀብለው ጨለጡት፤ ደግሞም አስቀዱ።

«ሽማግሌዎችህ የፊታችን እሁድ ይምጡ፤ ከእንግዲህ ቀጠሮ የለም» አሉኝ።

ስወጣ የአዴ ብርቄን ጉልበት ስሜ «ገላቶማ» ብዬ አመሰገንኳቸው።

ለዚያ ደሴት ዛፍ የነፈገ አምላክ፣ ለእኔ ሚስት ሰጠኝ... ተመስገን።