ዳንቴል የለበሰው ኮምፒዩተር

ያ ኮምፒዩተር ከእኔ የተሻለ ልብስ ነበረው። ነጭ፣ በኪሮሽ የተሠራ፣ ዳር ዳሩ ዘርፍ ያለው ዳንቴል። የሠሩለት የሥራ አስኪያጁ ባለቤት ናቸው።

ደርግ ከወደቀ ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆን ነው። ቢሮው መካኒሳ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የሕንፃ መሣሪያ የሚያስመጣ ድርጅት ነበር። ኮምፒዩተሩ ወዳለበት ክፍል የሚገባ ሰው ጫማውን ያወልቃል። እኔ ኮምፒዩተር እየጠገንኩ የምኖር ወጣት ነበርኩ፤ ካልሲዬ የተቀደደ መሆኑን ያወቅኩት እዚያ ደጃፍ ላይ ነው። ትዕግሥት አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም።

ከእኔ በፊት ማሽኑን የሸጠላቸው ወኪል መጥቶ ነበር። ክራቫቱን እያስተካከለ፣ የተቃጠለው ፓወር ሰፕላዩ ነው፣ ማለትም መብራቱን ተቀብሎ ለማሽኑ የሚያከፋፍለው ሳጥን ነው አላቸው። ኦሪጅናሉ ከውጭ እስኪመጣ ወራት እንደሚፈጅ፣ ሌላ ዓይነት ደግሞ ጨርሶ እንደማይሠራ ነገራቸው። ለምን ተቃጠለ ሲሉት «አጠቃቀም ነው» ብሎ ሄደ። ክዳኑን እንኳ አልከፈተም። እንደዚህ ያሉ ሰዎችን ስንቱን አይቻለሁ፤ እውቀታቸው ሁሉ ክራቫታቸው ላይ ነው።

ያ አንድ ቃል ያረፈው ጸሐፊዋ ላይ ነው። ማሽኑን የምትነካው እሷ ብቻ ስለሆነች፣ ጥፋቱ የእሷ መሆኑ ከተረጋገጠ እንደምትሰናበት ሥራ አስኪያጁ እፊቷ ነገሩኝ። ልጅቷ ከለቡ በእግሯ ነበር የምትመጣው፤ ለቡ ያኔ ገና ገጠር ነው። እናቷንና ታናናሾቿን የምታበላው በዚያ ደመወዝ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉ የለ።

ሳጥኑን ስከፍተው ነገሩ ዓይን ያወጣ ነበር። ሙቀቱን የሚያስወጣው ማራገቢያ ላይ ነጭ ክር ተጠምጥሞበታል፤ ውስጡ ከስሏል። ሥራ አስኪያጁ አቧራ እንዳይገባ ብለው፣ ማሽኑ በሚሠራበት ሰዓት እንኳ ዳንቴሉ ከኋላ እንዳይነሳ አዘው ነበር። ከፊት ብቻ እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ወደ ላይ ይገለጣል። ትንፋሹን አፍነው ገደሉት ማለት ነው፤ በክብር።

ስለ አምራቹም ሳልናገር አላልፍም። የራሱ ፓወር ሰፕላይ መሰኪያ ገበያ ላይ ከሚሸጠው ተራው ጋር በቅርጽ አንድ ነው፤ ልክክ ብሎ ይገባል። የሽቦዎቹን ቦታ ግን ቀያይሮታል። ቅርጹን አምኖ ተራውን የሰካ ሰው ማሽኑን እስከ መጨረሻው ያነደዋል። መሰኪያውን በሌላ ቅርጽ ቢሠራው ስስት ነው ብዬ አልፈው ነበር። ይህ ግን ወጥመድ ነው፤ የተማረ ሰው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ያጠመደው።

ከፒያሳ ተራውን ገዝቼ መጣሁ። ሥራ አስኪያጁ ገልበጥ አድርገው አዩትና «ታይዋን ነው?» አሉኝ፣ የሞተ አይጥ ያመጣሁባቸው ይመስል። የሽቦዎቹን ቦታ አንድ በአንድ በቴስተር ለካሁ፤ ጸሐፊዋ መርፌ ቁልፍ ሰጠችኝና ከመሰኪያው እየነቀልኩ እንደገና ደረደርኳቸው። ሳጥኑ ግን ከማሽኑ ውስጥ አልገባ አለ፤ የብሎን ቀዳዳዎቹ ሁሉ ሌላ ናቸው። ሽቦዎቹን በጀርባ አሳልፌ፣ ሳጥኑን ከጎኑ በቁራጭ ላሜራ አሰርኩት። ማሽኑ ተነሳ። ልጅቷ በረጅሙ ተነፈሰች። ሥራ አስኪያጁ ግን ላሜራውን እያዩ የጋራዥ ሥራ ነው አሉ።

ባለቤታቸው ጥግ ላይ ተቀምጠው ሌላ ዳንቴል ይሠሩ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞሩ።

«እሺ፣ ጥፋቱ የማን ነው?»

«የዳንቴሉ» አልኳቸው፤ ክር የተጠመጠመበትን ማራገቢያም አሳየኋቸው።

ኪሮሹ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ማራገቢያውን አልተመለከቱም፤ የተመለከቱት ጸሐፊዋን ነው።

«እንዲህ በል ያልሽው አንቺ ነሽ?»

አፌን ስከፍት ልጅቷ ቀደመችኝ።

«ጋሼ፣ መብራቱ ነው። ያን ቀን ሄዶ ሲመጣ በኃይል ነበር የመጣው።»

ሁሉም እፎይ አሉ። መብራት ምን ይላል? ሥራ አስኪያጁ ስለ መብራት ምሬታቸውን አወሩ፣ ባለቤታቸው ወደ ክራቸው ተመለሱ፣ ስለ ስንብትም ያነሳ አልነበረም። እኔ ጫማዬን እያሰርኩ ሁሉንም ናቅኋቸው፤ እሷንም ጭምር። በር ላይ ስትሸኘኝ፣ እውነቱን እያወቀች ለምን ትዋሻለች ብዬ ተቆጣኋት።

«አንተ ትሄዳለህ» አለችኝ። «እኔ ነገም እዚህ ነኝ።»

መንገዱን ሙሉ አጉረመረምኩ፤ ዳንቴሉ እዚያው ነው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲቃጠል መብራትም አያድናትም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ለፕሪንተር ጠሩኝ። የሥራ አስኪያጁ ባለቤት «ጋራዡን» የሚሸፍን ሰፊ ዳንቴል ሠርተው ኖሯል። ማሽኑ ከፊቱ በቀር ከአናቱ እስከ ጠረጴዛው ተሸፍኗል። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። በቃ፣ አበቃላት አልኩና ወደ ጀርባው ዞርኩ።

ማራገቢያው ካለበት ላይ ዳንቴሉ በክብ ተቆርጧል። የተቆረጠው እንዳይተረተር ዙሪያው በኪሮሽ ተዘምዝሞ፣ ቅጠል ቅጠል ወጥቶለት፣ አበባ ሆኗል። ክሩ ከቀረው ትንሽ ወፈር ይላል፤ የሌላ ሰው እጅ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ከኋላዬ መጡ። «አየሃት አበባዋን?» አሉኝ። «የባለቤቴ ሥራ ነው። ሰው ሁሉ እሷን ነው የሚያደንቀው።»

መዳፌን አበባዋ ላይ አደረግሁ፤ ሞቅ ያለ ነፋስ ይወጣል። ጸሐፊዋ መጻፏን አቁማ፣ ቀና ሳትል፣ ምን እንደምል ትጠብቃለች።

«ያምራል» አልኩ።

መጻፏን ቀጠለች።