ቦርጫሙ ስድስት

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈርተኛው «መቀስ» ነው የሚለው። ስሙ በመሣሪያው ብቻ የወጣለት አይደለም፤ ምላሱም እንደ መቀሱ አርፎ አያውቅም። ፎጣው ደንበኛው አንገት ላይ ሳይታሰር ወሬው ይጀመራል። ስለ ኳስ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጎረቤት ድመት፣ ስለ ሚስቱ ኩርፊያ ሳይቀር ያወራል። የልጁ ትምህርት ሲነሳ ግን ጭጭ ይላል።

ልጁ እሙዬ እናቷ ሆስፒታል ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ስለሆነች፣ ከትምህርት ቤት መልስ የምትውለው አባቷ ሱቅ በር ላይ፣ አንዲት አጭር በርጩማ ላይ ነበር። ስትወለድ ሐኪሙ «ትምህርት ቀስ ብሎ ነው የሚገባት፤ ታገሧት» ብሎ ነበር። ወላጆቿ ታገሧት። ትምህርት ቤቱ ግን ጊዜ አልነበረውም፤ ሰዎቹ ክፉ ሆነው ሳይሆን ክፍሉ እንደ በቆሎ ራስ በልጆች የታጨቀ ስለነበረ ነው። እሙዬ የኋላ ወንበር ላይ ባለቀለም እርሳስ ይዛ ክብ ስትስል ትውላለች። ዓመቱ ሲያልቅ አባቷ ይጠራና ማንበብ እንደማትችል፣ መደመር እንደማትችል ይነገረዋል። «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይወጣል። የዚያን ቀን ሱቁ ውስጥ ከመቀሱ ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም።

አንድ ዓመት ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ያለው የአሮጌ ወንበር መጋዘን ተጠራረገና ትምህርት ለሚከብዳቸው ልጆች የድጋፍ ክፍል ሆነ። ቀጠን ያለች፣ ድምፀ ለስላሳ መምህርትም ተመደበችበት። መቀስን አስጠራችው። እሱም እንደለመደው አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

«እሙዬ ምን ትወዳለች?» አለችው።

«አቤት?»

«ምን ደስ ይላታል? ምን ስታይ ትስቃለች?»

እስከዚያች ቀን የማትችለውን እንጂ የምትወደውን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«አውቶቡስ» አለ። «አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ብድግ ብላ እጇን ታውለበልባለች። ሹፌሮቹ ሁሉ ለምደዋት ጥሩምባ ይነፉላታል።»

«እንግዲያው ከአውቶቡስ እንጀምራለን።»

እውነትም ከአውቶቡስ ተጀመረ። መምህርቷ አውቶቡሱ ግንባር ላይ የሚጻፉትን የሰፈር ስሞች ፊደል በፊደል ከብርጭቆ ወረቀት ቆርጣ፣ እሙዬ ሻካራውን በጣቷ እየዳሰሰች እንድትከተለው አደረገች። የጠርሙስ ቆርኪዎች ተሳፋሪ ሆኑ። ከካርቶን የተሠራው አውቶቡስ ውስጥ ሦስት ሰው ነበር፣ ሁለት ገባ፣ አንድ ወረደ፤ ስንት ቀረ? አንዱ ፊደል ሳምንታት ይፈጃል። ሰኞ የታወቀው ረቡዕ የለም። መምህርቷ አትቆጣም። «ጠፋ እንጂ አልሞተም፤ ፈልገን እናገኘዋለን» ትላለች።

ከሁሉ ያስቸገሩት ስድስትና ዘጠኝ ነበሩ። ስድስት ቁጥር አውቶቡስ በመቀስ ሱቅ በኩል ያልፋል፤ ዘጠኝ ቁጥር ግን ግማሽ መንገድ አብሮት መጥቶ ከከተማው ውጭ ወዳለው ጡብ ፋብሪካ ይታጠፋል። ለእሙዬ ሁለቱም ያው ናቸው። አንድ ቀን መቀስ ሊወስዳት መጥቶ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ሳለ፣ መምህርቷ ስድስትን ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈችና «ይሄ ከታች የተነፋው የማን ሆድ ይመስላል?» አለች። እሙዬ ቁጥሩን አየች፤ ዞር ብላ አባቷን አየች።

«የአባባ!»

ከዚያ ወዲያ ስድስት «ቦርጫሙ»፣ ዘጠኝ «ጭንቅላታሙ» ሆነው ቀሩ። መቀስም በዚያው ሰሞን ስለ ልጁ ትምህርት አፉን ከፈተ። «ሚስቴ ይሄን ቦርጭ አጥፋው ስትለኝ ኖራ፣ ለካስ ለመማሪያ ነበር የተቀመጠው!» እያለ ደንበኞቹን ያስቅ ጀመር።

እሙዬ አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት መምህርቷ አዲስ ሐሳብ አመጣች፤ ከትምህርት ቤት እስከ ሱቁ ብቻዋን ተሳፍራ ትሂድ።

«ብቻዋን? እንዴት ተደርጎ!» አለ መቀስ።

«እኔም እፈራለሁ፤ አልዋሽዎትም። ግን እርስዎም እኔም ዘላለም አንኖርላትም።»

ሌሊቱን ከሚስቱ ጋር ሲማከር አደረ። ሚስቱ «ፈርተን ቤት ካስቀመጥናትማ እስካሁን የደከመችው ለምን ነበር?» አለችው። ተስማማ። ላይከተላትም ለመምህርቷ ቃል ገባ፤ እሷም ላትከተል ቃል ገባች።

ቀኑ ደረሰ። መቀስ አንዱን ደንበኛ ግማሽ ፊቱን ላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ እንደተቀባ ድንገት ምላጩን አስቀመጠ። «አንዴ መጣሁ» ብሎ ወጣ። ትምህርት ቤቱ ጋ ደርሶ አንድ ኪዮስክ ጀርባ ተሸሸገ። ስድስት ቁጥር ሲመጣ እሙዬ በፊት በር ገባች፤ እሱ በኋላ በር ሾልኮ ጋዜጣ ፊቱ ላይ ዘረጋ። አጠገቡ ራሷን በሻርፕ የተከናነበች ሴት ተቀምጣለች። ጋዜጣውን ዝቅ ሲያደርግ ዐይን ለዐይን ተጋጩ።

«መምህርት! አልከተልም ብለው አልነበረም?»

«እርስዎስ?» አለችው ሻርፗን እየሳበች። «ቀስ ይበሉ፣ ትሰማናለች።»

መንገዱ ሲጋመስ አውቶቡሱ ተንተፋተፈና ቆመ። «ሞተሩ ሞቋል! ሌላ ይመጣል፣ ውረዱ!» አለ ሹፌሩ። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወረደ፤ መቀስና መምህርቷም ወርደው ከሰዉ ኋላ ተሸሸጉ። ወዲያው አንድ አውቶቡስ መጣ፤ ዘጠኝ ቁጥር። ሰዉ እየተገፋፋ ይገባ ጀመር። አንድ ወፍራም ሰውዬ ደግ መስሎት የእሙዬን ክንድ ያዝ አደረገ።

«ነይ ግቢ እንጂ ልጄ፣ ምን ይገትርሻል?»

መቀስ ሊጮህ አፉን ሲከፍት መምህርቷ ኮቱን ጨመደደችው። «ትንሽ፣ ትንሽ ይጠብቁ!»

እሙዬ ቀና ብላ የአውቶቡሱን ግንባር አየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጣቷን አንስታ ቁጥሩን አየር ላይ ጻፈችው።

«አይ» አለች። «ይሄ ጭንቅላታሙ ነው። እኔ የምሄደው በቦርጫሙ ነው።»

ሰውየው የራሱን ሆድ ቁልቁል አየና ግራ ገብቶት ዙሪያውን ቃኘ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ዘጠኝ ቁጥር ሄደ፤ እሙዬ ቦርሳዋን አቅፋ ቆመች። ስድስት ቁጥር ሲመጣ ቁጥሩን አይታ ፈገግ አለችና ገባች። መቀስ እንባውን በእጅጌው ሲጠርግ፣ መምህርቷም ጉንፋን የያዛት ይመስል ስትናፈጥ በሩ ተዘጋ። ሁለቱም መንገድ ዳር ቀሩ።

እየሮጡ ሱቁ ደረሱ። እሙዬ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች።

«አባባ፣ የት ጠፋህ? ሰውየው እኮ አረፋው ደረቀበት!»

በነጋታው መቀስ መምህርቷን ሊያመሰግን የድጋፍ ክፍሉ ሄደ። መንገዱን ሙሉ ንግግር ሲያሰናዳ መጥቶ በሩ ላይ ሁሉም ጠፋበት። «እኔ ወሬ አልቆብኝ አያውቅም» አለ። «ለእርስዎ የሚሆን ቃል ግን አጣሁ። እድሜ ይስጥልኝ።»

መምህርቷ ቆርኪዎቹን ትሰበስብ ጀመር። «ከዚህ በፊት የነበርኩበት ትምህርት ቤት፣ ልጆቹ ለውጥ አያመጡም ተብሎ ክፍሌ ተዘጋ» አለችው። «ሥራውን ልተወው ስል ነው እሙዬን ያገኘኋት። እኔም ባለ ዕዳዋ ነኝ።»

እሙዬ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት። አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላና ፎጣ ታጥፋለች፤ ጠዋት ጠዋት በራሷ ተሳፍራ ትሄዳለች። ወፍራም መጽሐፍ አትጨርስም፤ ትልልቅ ቁጥር መቀነስም እስከ ዛሬ አይሆንላትም። መቀስም ልጄ እንደ ሌላው ሆነች ብሎ አያወራም። በሆነችው ግን ተኝቶ በተነሳ ቁጥር ፈጣሪውን ያመሰግናል።

የመምህርቷ ባል ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት አልጋ ከያዘ ሰንብቷል። መቀስ ሱቁ በሚዘጋበት ቀን ዕቃውን ይዞ እየሄደ ፀጉሩን ያስተካክለዋል፤ እሙዬም ትከተለዋለች። አባቷ ትራሱን አደላድሎ ሲጀምር፣ እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የጋዜጣውን ትልልቅ ርዕሶች ታነብባለች። ባለፈው አንድ ረጅም ቃል ላይ ተቀረቀረች። መምህርቷ ከጓዳ ሰምታ ልትነግራት ብቅ ስትል፣ ባሏ በደህናው እጁ ከለከላት።

«ተያት» አለ። «አንብቢ ልጄ፣ ቀስ ብለሽ። እኔም የምቸኩልበት የለኝ።»

እሙዬ ጣቷን ቃሉ ሥር አድርጋ እንደገና ከመጀመሪያው ፊደል ተነሣች።